የዘረመል ንባብና የጥራት ቁጥጥሩ፤ ነጋዴውን ምን ያገባዋል?

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ወደ አገራችን ከሚገቡት የሕክምና ዕቃዎች መካከል የዘረመል ማንበቢያ መሣሪያዎችና ለእነርሱ የሚያገለግሉት ኬሚካሎች ራሱን የቻለ የንግድ ክፍል ለመሆን በቅተዋል። ዕቃዎቹ በመጠን አነስተኞች፣ በዋጋ ግን ከፍተኞች ናቸው፤ አያያዛቸውም ከጨርቅና ከቆርቆሮ ንግድ ፈጽሞ የተለየ ነው። በዚህ ንግድ የተሰማራ ወይም ሊሰማራ የሚያስብ ሰው፣ ዕቃው ምን እንደሚሠራና በምን እንደሚበላሽ ሳያውቅ ቢቀር ኪሳራው በእርሱ ላይ ብቻ አይወድቅም፤ በሕመምተኛው ላይም ይወድቃል። ስለዚህ የዘረመል ንባብ ምን እንደ ሆነ፣ ላቦራቶሪዎች ጥራቱን በምን ዘዴ እንደሚቆጣጠሩ፣ ከነጋዴውም ምን እንደሚጠበቅ በዚህ ጽሑፍ እንገልጻለን።

የዘረመል ንባብ ምንድን ነው?

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ አካሉ የሚሠራበትን መመሪያ በውስጡ ይዞ ይኖራል። ይህም መመሪያ በአራት ዐይነት ኬሚካላዊ ፊደላት የተጻፈ ነው። የሰው መመሪያ ወደ 3 ቢሊዮን የሚሆኑ ፊደላት አሉት። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ተሕዋስ 23 ሚሊዮን ያህል፣ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ደግሞ 4.4 ሚሊዮን ያህል ፊደላት አሏቸው። የእነዚህን ፊደላት ተራ አንድ በአንድ ለይቶ ማወቅ የዘረመል ንባብ ይባላል።

ሐኪም ይህን ንባብ የሚፈልገው ለዕውቀት ብቻ አይደለም። አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ሪፋምፒሲን የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ዋነኛ መድኃኒት ነው። ነገር ግን በባክቴሪያው መመሪያ ውስጥ በአንድ የታወቀ ስፍራ የአንዲት ፊደል መለወጥ ብቻ ይህ መድኃኒት እንዳይሠራ ሊያደርገው ይችላል። ከ4.4 ሚሊዮን ፊደላት አንዷ ማለት ነው። አንባቢው መሣሪያ ያችን ፊደል በትክክል ያነበበ እንደ ሆነ ሕመምተኛው የሚያድነውን መድኃኒት ያገኛል። አሳስቶ ያነበበ እንደ ሆነ ግን ሕመምተኛው ለወራት የማይሠራ መድኃኒት ሲውጥ ይኖራል፤ ወይም የሚሠራው መድኃኒት ያለ ምክንያት ተነፍጎት ይበልጥ ከባድ የሆነ ሕክምና ይታዘዝለታል።

ስሕተት ከየት ይመጣል?

የማይሳሳት መሣሪያ የለም። የዘረመል ማንበቢያም ለእያንዳንዷ ፊደል የእምነት ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ 20 ከሆነ ከ100 ፊደላት አንዷ፣ 30 ከሆነ ደግሞ ከ1,000 ፊደላት አንዷ ስሕተት ልትሆን ትችላለች ማለት ነው። ከሺህ አንድ ስሕተት ለነጋዴ ጆሮ ጥቂት ይመስላል። ሒሳቡ ሲሠራ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚህ መጠን የሰው መመሪያ አንድ ጊዜ ብቻ ቢነበብ 3 ሚሊዮን ያህል ስሕተት ይገኝበታል። ስለዚህ ላቦራቶሪዎች አንዱን ስፍራ አንድ ጊዜ አንብበው አያቆሙም፤ 30 ጊዜና ከዚያም በላይ ደጋግመው አንብበው የንባቦቹን ስምምነት ይመለከታሉ። ገንዘብ ያዥ ሒሳቡን ደጋግሞ እንደሚቆጥር ያለ ነው፤ አንዱ ቆጠራ ቢሳሳት ሌላው ያርመዋል።

ይሁን እንጂ ደጋግሞ ማንበብ የማያርመው ስሕተት አለ። ይኸውም ናሙናው መሣሪያው ዘንድ ከመድረሱ በፊት የተሠራ ስሕተት ነው። የአንዱ ሰው ደም በሌላው ስም ከተጻፈ፣ መሣሪያው መቶ ጊዜ ቢያነብም መቶ ጊዜ የሚያነበው የሌላውን ሰው ነው። ከአንዱ ብልቃጥ ወደ ሌላው ጠብታ ቢፈናጠቅ፣ የሌለ በሽታ እንዳለ ሆኖ ይታያል። ናሙናው በሙቀት ቢበላሽ ደግሞ፣ ያለው እንደሌለ ይሆናል።

ከእነዚህ መካከል አስመጪውን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ነገር አለ። የደም መቅጃ ብልቃጦች በክዳናቸው ቀለም ይለያያሉ። ሐምራዊ ክዳን ያላቸው ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. የሚባል ኬሚካል ይይዛሉ፤ ለዘረመል ምርመራም የሚመረጡት እነዚህ ናቸው። አረንጓዴ ክዳን ያላቸው ሄፓሪን ይይዛሉ። ሄፓሪን ለሌሎች ምርመራዎች የሚጠቅም ሲሆን፣ ዘረመል የሚባዛበትን ኢንዛይም ግን ሥራውን ያግድበታል። «ሁለቱም የደም ብልቃጥ ናቸውና ያለውን እናቅርብ» ብሎ ሐምራዊውን በአረንጓዴው የተካ ነጋዴ፣ በዋጋ ረገድ ያጎደለው ነገር ላይኖር ይችላል፤ ምርመራውን ግን ከመነሻው ያሰናክለዋል።

ላቦራቶሪው በምን ይመዝናል?

ሚዛን በራሱ እውነተኛ መሆኑን አይናገርም፤ ክብደቱ የታወቀ ድንጋይ ሲጫንበት ነው እውነቱ የሚገለጠው። በዘረመል ላቦራቶሪ ውስጥም እንደ ሚዛን ድንጋይ የሚያገለግሉ መቆጣጠሪያ ናሙናዎች አሉ።

የመጀመሪያው ባዶው መቆጣጠሪያ ነው። ንጹሕ ውሃ እንደ ማንኛውም የሕመምተኛ ናሙና በሥራው ደረጃ ሁሉ እንዲያልፍ ይደረጋል። በመጨረሻ ከውሃው ውስጥ ዘረመል ከተነበበ፣ በመንገድ ላይ ብክለት ገብቷል ማለት ነው፤ የዚያ ቀን ሥራም እንደገና ይመረመራል። ሁለተኛው ምላሹ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና ነው። በውስጡ ያለው ለውጥ የታወቀ ሆኖ ሳለ መሣሪያው ካላገኘው፣ የሌሎቹም ውጤት አይታመንም።

ሦስተኛው ከንባቡ ጋር ተቀላቅሎ የሚነበብ የታወቀ ዘረመል ነው። በዚህ ረገድ ታሪኩ ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ። እንግሊዛዊው ሊቅ ፍሬደሪክ ሳንገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1977 ፋይ ኤክስ 174 የሚባለውን፣ 5,386 ፊደላት ያሉትን ትንሽ ቫይረስ አነበቡ። ይህ ቫይረስ መላ መመሪያው በዲ.ኤን.ኤ. ደረጃ ከተነበበለት ሁሉ የመጀመሪያው ነው። ዛሬም በብዙ ላቦራቶሪዎች ከሕመምተኞች ናሙና ጋር እየተጨመረ የመሣሪያው መመዘኛ ሆኖ ያገለግላል፤ ፊደላቱ ሁሉ ስለሚታወቁ መሣሪያው የት እንደ ተሳሳተ ወዲያው ይለያል። ለሰው ዘረመል ደግሞ የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጥ ማመሳከሪያ አቅርቧል።

ከዚህም ሌላ ላቦራቶሪው በራሱ ብቻ እንዳይመሰክር የውጭ ፈተና ይደረግበታል። መልሱን የሚያውቅ የውጭ ድርጅት ስማቸው ያልተገለጸ ናሙናዎችን ይልካል፤ ላቦራቶሪው አንብቦ መልሱን ይመልሳል፤ ከዚያም ይታረማል። አይ.ኤስ.ኦ. 15189 የሚባለው ለሕክምና ላቦራቶሪዎች የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2022 የታደሰው፣ ይህን ሁሉ በጽሑፍ እንዲያዝ ያዛል።

«የለም» እና «አልታየም»

የጥራት ቁጥጥር ለምን እንደሚያስፈልግ ከማናቸውም ይልቅ በግልጽ የሚያስረዳው በአገራችን የተገኘው የወባ ጉዳይ ነው። ጉዳዩ ለአስመጪዎች ልዩ ትርጉም ስላለው ጥቂት እንዘርዝረው።

በጤና ጣቢያና በጤና ኬላ ከሚሠራባቸው ፈጣን የወባ መመርመሪያዎች መካከል ከውጭ የሚገቡ አሉ። በአፍሪካ ከሚሠራባቸው አብዛኞቹ የፋልሲፓረም ወባን የሚለዩት ተሕዋሱ የሚያወጣውን ኤች.አር.ፒ. 2 የሚባል ፕሮቲን በመፈለግ ነው። ፕሮቲኑ ከተገኘ መስመር ይታያል፤ ካልተገኘ አይታይም። ነገር ግን ፕሮቲኑን የሚሠራው ዘረመል ከተሕዋሱ መመሪያ ውስጥ ቢጠፋስ? ሕመምተኛው በወባ እየተንቀጠቀጠ መመርመሪያው «ወባ የለም» ይላል።

ይህ በእርግጥ እየደረሰ መሆኑ በኢትዮጵያ ተረጋገጠ። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪ ስንደው መካሻ ፈለቀና ባልደረቦቻቸው በትግራይ፣ በአማራና በጋምቤላ ክልሎች፣ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ጋር በሚያዋስኑ አካባቢዎች፣ በ12,572 ሰዎች ላይ ጥናት አደረጉ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2021 ታተመ። በግምታቸው መሠረት በዚህ ፕሮቲን ላይ ብቻ የተመሠረተ መመርመሪያ በዘረመሉ መጥፋት ምክንያት ከፋልሲፓረም ወባ ሕመምተኞች 9.7 በመቶውን ያመልጠዋል። ከመቶ ሕመምተኞች ወደ አሥር የሚጠጉት ሳይታወቅላቸው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት መመርመሪያው በሌላ ዐይነት እንዲለወጥ የሚመክረው ይህ መጠን ከ5 በመቶ ሲያልፍ ነው።

አሁን ወደ ጥራት ቁጥጥሩ እንመለስ። «ይህ ዘረመል አለ» ማለት ቀላል ነው፤ ታይቷልና። «ይህ ዘረመል የለም» ማለት ግን እጅግ ከባድ ቃል ነው። ናሙናው በመጓጓዣ የተበላሸ ቢሆን፣ ኢንዛይሙ ሙቀት አግኝቶት የደከመ ቢሆን፣ በደሙ ውስጥ ያለው ተሕዋስ ከመጠን በላይ ጥቂት ቢሆን፣ ዘረመሉ በቦታው እያለ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። በመዝገብ ያልተገኘ ዕቃ ሁሉ ከመጋዘን ጠፍቷል እንደማይባል ሁሉ፣ ያልታየ ዘረመል ሁሉ የለም አይባልም። በስሕተት «የለም» ከተባለ መንግሥት ሳያስፈልግ ብዙ መመርመሪያ ይለውጣል፤ በስሕተት «አለ» ከተባለ ደግሞ ሕዝቡ በማያይ መመርመሪያ ይመረመራል።

ስለዚህ ላቦራቶሪዎች በቅድሚያ ከዚያው ናሙና ውስጥ ሌላ የማይጠፋ የወባ ዘረመል ይፈልጋሉ። እርሱ በደኅና ተገኝቶ ኤች.አር.ፒ. 2 ብቻ ሲጠፋ ነው ነገሩ የሚታመነው። እርሱም ካልተገኘ ናሙናው ራሱ ዋጋ የለውም። ከዚህም ጋር ጠባያቸው የታወቀ የወባ ዝርያዎች አብረው ይመረመራሉ። 3ዲ7 የሚባለው ዝርያ ዘረመሉን የያዘ ስለ ሆነ «አለ» መባል አለበት፤ ዲዲ2 የሚባለው ዘረመሉ የጠፋበት ስለ ሆነ «የለም» መባል አለበት። ከሁለቱ አንዱ ከቦታው ከተዛባ የዚያ ቀን ሥራ ሁሉ ይሰረዛል። በኢትዮጵያው ጥናትም አንድ ዘዴ ብቻውን አልታመነም። ፈጣኑ መመርመሪያ፣ የዘረመል ማባዛቱ ሥራ፣ በደሙ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን የሚለካው ጥልቅ ምርመራና የዘረመል ንባቡ ተመሳክረዋል። ሳይንስ በአንድ ምስክር ቃል ብቻ አይረካም።

ከቅጥሩ ውጭ ያለው ምንጭ

የእንዳ ኢየሱስ ነዋሪና ነጋዴ የስፍራውን ታሪክ ያውቃል። በ1888 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በማጆር ጋሊያኖ መሪነት በዚህ ኮረብታ ላይ ጽኑ ምሽግ ሠርቶ ነበር። ቅጥሩ በመድፍ አልፈረሰም፤ የውሃው ምንጭ ግን ከቅጥሩ ውጭ ነበረ። ከእቴጌ ጣይቱ ስም ጋር በሚነሣው ብልሃት ውሃው በተያዘ ጊዜ ምሽጉ በጥር ወር ተለቀቀ።

ዘመናዊ ላቦራቶሪም እንዲሁ ነው። መሣሪያው ምንም ያህል ውድ፣ ባለሙያውም ምንም ያህል የተማረ ቢሆን፣ ኬሚካሉ፣ ቅዝቃዜውና መብራቱ የሚመጡት ከግድግዳው ውጭ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በትግራይ መብራት፣ ባንክ፣ ስልክና ነዳጅ በተቋረጠ ጊዜ በዓይደር ሆስፒታል የመድኃኒትና የላቦራቶሪ ዕቃ እጥረት እንዴት እንደ በረታ የማያስታውስ የመቀሌ ሰው የለም። በሰላም ጊዜ ደግሞ ያችን ምንጭ የሚጠብቃት ነጋዴው ነው። በዛሬው እንዳ ኢየሱስ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ይገኛል፤ የሕክምናውና የምርምሩ ሥራ በከተማችን እያደገ በሄደ መጠን የዚህ ዐይነቱ ዕቃ ፍላጎትም እንደሚጨምር የታወቀ ነው።

ከነጋዴው የሚጠበቀው

1ኛ. ቅዝቃዜን ያለ ማቋረጥ መጠበቅ። ለዘረመል ሥራ ከሚያገለግሉት ኢንዛይሞች አብዛኞቹ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሳንቲግሬድ ላይ፣ ሌሎች ዕቃዎች ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይቀመጣሉ። ሁለተኛውን ክፍል ማበርዶ እንደ ማሞቅ ሁሉ ያበላሸዋል፤ ስለዚህ «ይበልጥ ቢቀዘቅዝ ይሻለዋል» ማለት ስሕተት ነው። ሙቀት ያገኘው ኢንዛይም በዐይን ሲታይ ከደኅናው አይለይም። እንደገና ቢቀዘቅዝም ወደ ቀድሞ ኀይሉ አይመለስም። ስለዚህ በየሣጥኑ ውስጥ ሙቀት መዝጋቢ መሣሪያ እንዲገባ አቅራቢውን መጠየቅ፣ የመዝገቡንም ወረቀት ከዕቃው ጋር ለላቦራቶሪው ማስረከብ ያስፈልጋል።

2ኛ. የመድረሻውን ቀን ማስላት። ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ገደማ የሚቀዘቅዘው ደረቅ በረዶ ሳይቀልጥ ወደ ጋዝነት እየተለወጠ በየሰዓቱ ያልቃል። ዓርብ ማታ ወይም በጥምቀት ዋዜማ ጉምሩክ የደረሰ ሣጥን እስከ ሥራ ቀን ሳይነካ ይቆያልና፣ ጭነቱ በሳምንቱ መጀመሪያ እንዲደርስ፣ ሰነዱም አስቀድሞ እንዲዘጋጅ ማድረግ ከትርፉ ግማሹ ነው። ደረቅ በረዶ በአየር ጭነት ሕግ መገለጽ ያለበት ዕቃ መሆኑም አይዘንጋ።

3ኛ. የምርት ቁጥርን (ባች) ማክበር። ላቦራቶሪው አዲስ የምርት ቁጥር ያለው ዕቃ ሲመጣለት ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ሞክሮ ሳያመሳክር ለሕመምተኛ አይጠቀምበትም። ነጋዴው አሥር ሣጥን ከአምስት የተለያየ ምርት አቀላቅሎ ቢያቀርብ ላቦራቶሪውን አምስት ጊዜ ሙከራ ያስወጣዋል። በተቻለ መጠን አንድ ትእዛዝ ከአንድ ምርት ይሁን፤ የፋብሪካው የጥራት ምስክር ወረቀትም አብሮ ይምጣ።

4ኛ. የአገልግሎት ማብቂያ ቀንን ማየት። ቀኑ ሊያበቃ ሁለት ወር የቀረውን ዕቃ በርካሽ ገዝቶ ማምጣት ለጊዜው ትርፍ ይመስላል። ጉምሩኩ፣ መንገዱና የላቦራቶሪው ሙከራ ሁለቱን ወር ይበሏቸዋል።

5ኛ. ያልታዘዘን አለመተካት። ስለ ብልቃጦቹ ክዳን የተባለው ለሁሉም ዕቃ ይሠራል። የታዘዘው ከታጣ ለባለሙያው አስታውቆ ፈቃዱን በጽሑፍ መቀበል ይገባል።

6ኛ. ሕጉን መጠበቅ። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕክምና መሣሪያዎችንም ይመለከታል። ያለ ምዝገባና ያለ ፈቃድ የገባ ዕቃ ቢታመንም እንኳ አይሸጥም።

ወደ ውጭ ለሚልኩም አንድ ቃል አለን። የሕመምተኛ ናሙና ወደ ሌላ አገር ሲላክ ተራ ጭነት አይደለም። ፈሳሽ የማያስወጣ ዕቃ፣ በዚያ ላይ ሁለተኛ ማሸጊያ፣ ከውጭም ጠንካራ ሣጥን፣ በድምሩ ሦስት ድርብ ማሸጊያ ያስፈልገዋል፤ የአስተላላፊ ድርጅቶቻችን ሠራተኞች ይህን ሥርዐት ሊማሩት ይገባል። የሁመራ ሰሊጥ የሚልክ ነጋዴ ናሙናው ከጭነቱ ጋር ካልተስማማ ምን እንደሚደርስበት ያውቃልና፣ ናሙናንና ስያሜውን መጠበቅ ለእርሱ አዲስ ትምህርት አይሆንም።

የመድኃኒት ቤትና የመደብር ባለቤቶች ደግሞ ፈጣን መመርመሪያ ሲሸጡ መመርመሪያው የትኛውን ፕሮቲን እንደሚፈልግ ከማሸጊያው ላይ ያንብቡ። ትኩሳት ያለበት፣ ከቆላ የተመለሰ ሰው በመመርመሪያው «የለም» ቢባል «እንግዲህ ወባ አይደለም» ብለው አያሰናብቱት፤ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩት። ይህን ማድረጉ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም፤ ሕይወት ግን ሊያተርፍ ይችላል።

በጠቅላላው፣ የዘረመል ንባብ ጥራት በላቦራቶሪ ውስጥ የሚጀመር ይመስላል እንጂ መነሻው ትእዛዙ በሚጻፍበት በነጋዴው ጠረጴዛ ላይ ነው። ባለሙያው «የለም» እና «አልታየም» የሚሉትን ሁለት ቃላት ለይቶ መናገር የሚችለው እጁ የገባው ዕቃ የታመነ ሲሆን ብቻ ነው። የደከመ ኢንዛይም ያቀረበ ነጋዴ፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ በዚያ ቃል ውስጥ ገብቷል። ሙቀቱንና ቀኑን ጠብቆ፣ ሰነዱን አሟልቶ ያስረከበ ነጋዴ ግን ከሐኪሙ ጋር የሥራው ተካፋይ ነው፤ ስሙም በከተማው ላቦራቶሪዎች ዘንድ እንደ ታመነ ሚዛን ይቈጠራል።